ሥራ ሳልለቅ፣ ከወሎ ሳልወጣ የሰመመን ማስተርስ መማር እችላለሁ?

ደገኛዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ከደሴ በስተ ምዕራብ፣ ደጋው ላይ ባለች ከተማ በአንድ ሆስፒታል ሰመመን (ማደንዘዣ) እሰጣለሁ። መጀመሪያ ነርስ ነበርኩ። በዲፕሎማ አምስት ዓመት ሠርቼ ነው ወደ ሰመመን የዞርኩት። አሁን ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

አኔስቴቲስት ሁለት ብቻ ነን። አንዳችን ፈቃድ ስንወጣ ሌላው ሌትም ቀንም ብቻውን ነው። ባለፈው ክረምት ባልደረባዬ አባቱ ታመውበት ሄደ። እኔም አተኩሶኝ ተኝቻለሁ። ሌሊት ምጥ የጠናባት እናት መጣች ብለው ደወሉልኝ። ተነሥቼ ሄድኩ። ስፓይናል፣ ማለትም ከወገብ በታች የሚያደነዝዘውን የጀርባ መርፌ፣ ስወጋ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሼን ይዤ ነበር። እናትም ልጅም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ባልነሣ ኖሮ ግን በአምቡላንስ ደሴ ሊወስዷት ነበር። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ መንገድ።

ስለዚህ ሁሉን ትቼ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ልማር ስል እግሬ አልሄድ ይለኛል። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እናቴም እኔው ጋ ናት።

መማር ግን በጣም እፈልጋለሁ። ለወረቀቱ ብቻ አይደለም። መጽሐፉ የጤነኛ ሰው የደም ኦክስጅን 95 በመቶና ከዚያ በላይ ነው ይላል። እኛ ጋ ጠረጴዛ ላይ የሚወጡ ጤነኛ እናቶች ገና ምንም ሳልሰጣቸው 91፣ 92 ያነባሉ። መለኪያው የሚገባበትን ጣታቸውን እጠርጋለሁ፣ አሞቃለሁ፤ ያው ነው። ከፍታው እንደሆነ ይገባኛል። ግን ስንት ላይ ሲደርስ ነው መደንገጥ ያለብኝ? በልምድ የያዝኩት ቁጥር አለ። ለልምምድ የመጣ ተማሪ «ለምን?» ሲለኝ ግን የማስረዳው አጣለሁ።

አሜሪካ ነርስ አኔስቴቲስቶች ቤታቸው ቁጭ ብለው ይማራሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ለኛ ይሆናል? የሞከራችሁ ንገሩኝ።

የወልድያው፦

አብሽሪ እህቴ። እሱን እኔም ገብቼ አይቼዋለሁ። እዚያ አገር ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሰመመን ለመማር አዲስ የሚገባ ሰው የሚማረው በዶክትሬት ደረጃ ነው። ቀድሞ በማስተርስ የተመረቁት ሥራቸውን አያጡም። ዶክትሬቱን ለሚፈልጉት ግን ሥራ ላይ ሆነው በኦንላይን የሚጨርሱት ፕሮግራም አለ። እዚያ ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት አይማሩም፤ እሱን ያውቁታል። የሚማሩት ጥናት ማንበብ፣ የሕክምና ጥራት ማሻሻል፣ አመራር፣ ማስተማር ነው። መግቢያው ላይ ግን የአገሩን የሙያ ፈቃድ ይጠይቃሉ። እኔም እዚያ ላይ ቆምኩ።

ከዚያ የኅብረተሰብ ጤና በርቀት ተማርኩ። ዲዩቲዬን ሳልለቅ ጨረስኩት። ስታትስቲክስ አውቄበታለሁ፣ አልጸጸትም። ስለ ሰመመን ግን አንድ ገጽ የለውም። የደረጃ ዕድገት ስጠይቅ «ከሙያህ ጋር አይገናኝም» ተባልኩ። ብር ከመክፈልሽ በፊት የሰው ኃይል ክፍሉን በጽሑፍ ጠይቂ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ። በቃል «ችግር የለውም» ያለኝ ሰው ስመለስ ተቀይሮ ነበር።

የሐይቅ ልጅ፦

እኔ በመደበኛው ሄጄ ተምሬ ነው የተመለስኩት። ልጄን ለእናቴ ትቼ። ከባድ ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን እህቴ፣ ያንን ጠረጴዛ ብቻሽን ተሸክመሽ እስከ መቼ? አንቺ ስትቀሪ ሦስተኛ ሰው የመቅጠሩ ነገርም አብሮ ይቀራል። እኔ ከመሄዴ ስድስት ወር ቀድሜ ደብዳቤ አስገባሁ። በየሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ እየሄድኩ አስታወስኩ። በመጨረሻ በኮንትራት ሰው ቀጠሩ።

የሰመመን መምህር፦

ደገኛዋ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የክሊኒካል ማስተርስ ሙሉ በሙሉ በርቀት አይሆንም። አንቺ ጋ የማይመጡ ሕመምተኞች አሉ፦ የልብ ችግር ያለበት ሕፃን፣ ደረቱ የሚከፈት ሰው። እነሱን የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ቆሞ ነው የምትማሪው። ፋርማኮሎጂው፣ ፊዚዮሎጂው፣ የምርምር ዘዴው ግን ለምን ከቤት አይሆንም? ንድፈ ሐሳቡን ከቤት፣ ከዚያ ጥቂት ወራት ትልቅ ሆስፒታል፣ በቦታሽ ምትክ ሰው። ይህን በየስብሰባው አነሣለሁ። እስኪሆን ድረስም ማንሣቴን አልተውም። እንዳንቺ ያሉት ካልተማሩ የገጠሯ እናት ምን ትሁን?

እስከዚያው ለጋት (ለድኅረ ምረቃ መግቢያ) ፈተና ተዘጋጂ፤ የትም ብትሄጂ እሱን ትፈተኛለሽ። የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን የክሪቲካል ኬር (የጽኑ ሕሙማን ሕክምና) ማስተርስ አለው። ክፍያው በፓውንድ ስለሆነ ስኮላርሺፕ ካላገኘሽ ከባድ ነው። ደግሞም ሰመመን አያስመርቅም። የውጭ ዲግሪ ከመጀመርሽ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ ስለ አቻ ግምቱ ጠይቂ። የዓለም አኔስቴዥዮሎጂ ማኅበራት ፌዴሬሽን ደግሞ አጫጭር ትምህርቶችን በነፃ ያወጣል። ሌሊት ኔትወርኩ ሲሻል አውርጂና በስልክሽ አንብቢ።

ወደ ዋናው ልምጣ። ያ የ91 እና የ92 ነገር ራሱ ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት) ነው። ብዙዎቹ መጻሕፍት የባሕር ጠረፍ አካባቢ ያለ ሰው ቁጥር ነው የሚሰጡሽ። ደሴ እንኳ ወደ 2,500 ሜትር ነው፣ የናንተማ ከዚያ ይብሳል። አየሩ ውስጥ ኦክስጅኑ ያው 21 በመቶ ነው፤ ግፊቱ ነው የሚቀንሰው፣ ስለዚህ ወደ ደም የሚገባው ያንሳል። መጀመሪያ የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ አውጪ። ከዚያ ዕድሜ፣ ሄሞግሎቢን፣ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ያለውን ንባብ መዝግቢ። ተማሪ ሆነሽ ስትገቢ ጥያቄሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ። ረቂቁን ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ።

ደገኛዋ፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የወልድያው ወንድሜ፣ የሰው ኃይል ክፍሉን ነገ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። የሐይቅ ልጅ፣ ያልሽው ልቤ ውስጥ ገብቷል። የሦስተኛ ሰው ደብዳቤውን ዛሬ ማታ ከባልደረባዬ ጋር እንጽፋለን።

መምህር፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። እኛ ጋ እንሶስላ ሞቀው የሚመጡ እናቶች ብዙ ናቸው፣ በተለይ ሰርግ ሲበዛ። ጥፍራቸው ጠቁሮ ነው የሚመጡት። እነሱን ከጥናቱ ልተዋቸው?

የሰመመን መምህር፦

አትተዪያቸው። ጥፍር ላይ ያለ ጥቁር ቀለም ንባቡን ሊያዛባ ይችላል። የጆሮ መለኪያ ካላችሁ ከጆሮ አንብቢ። ከሌላችሁ እንሶስላ ያልሞቀ ጣት ፈልጊ፣ የእግርም ይሁን። «እንሶስላ» የሚል አንድ አምድ ጨምሪና ለብቻ መዝግቢያቸው።