ስታቲስቲክስ አንድን ድሮፕ ላድርገው?

ሁለተኛ_ዓመት
ጅማ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሬጉላር ነኝ። ስታቲስቲክስ አንድ (5 ኢሲቲኤስ፣ የኮርሱ ክብደት ማለት ነው) ላይ ኩዊዝ ከ10 4፣ ሚድ ከ25 8 ነው ያመጣሁት። አሳይመንት 15 እና ፋይናል 50 ቀርተዋል። ሌሎቹ ኮርሶች (25 ኢሲቲኤስ) በአማካይ 2.5 ይመጡልኛል። እስካሁን የወሰድኩት 60 ኢሲቲኤስ ሲሆን ኪዩሙሌቲቬ (የሁሉም ኮርስ አማካይ ውጤቴ) 2.40 ነው። ቤተሰቦቼ አጋሮ ናቸው፤ የቡና ለቀማ ስለደረሰ በየሳምንቱ መጨረሻ ማገዝ አለብኝ። ኮርሱን ልጣለው?

ሂሳብ_ይቅደም
60 × 2.40 = 144 ነጥብ በእጅሽ አለ። የዘንድሮው 25 × 2.5 = 62.5። ድሮፕ ካደረግሽ 206.5 ለ85 ሲካፈል 2.43 ነው። ሲ (2 ነጥብ) ካመጣሽ 2.41፣ ኤፍ (0) ከሆነ 2.29። ድሮፕና ሲ እዚህ ላይ ያው ናቸው፤ የሚያስፈራው ኤፍ ብቻ ነው።
ሲ ይገኛል ወይ? 12 ይዘሻል። ሲ ከ50 የሚጀምር ከሆነ 38 ይጎድላል። አሳይመንት ላይ 12 ካገኘሽ ከፋይናል 26 ይበቃል። ሚድ ላይ ሲሶ ነው ያገኘሽው፣ አሁን ግማሽ ነው የሚፈለገው። ቀላል አይደለም፣ ግን አይርቅም።

ፎርም_በእጅ
ሂሳቡ ልክ ነው፤ ጥያቄው ድሮፕ አሁንም አለ ወይ ነው። አድ ኤንድ ድሮፕ ብዙ ጊዜ ሴሚስተሩ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይዘጋል። የሚድ ውጤት ሲለጠፍ ቀኑ አልፎ ሊሆን ይችላል። አካዳሚክ ካሌንደሩን እዪ። ክፍት ከሆነ ፎርሙን አድቫይዘርና ዲፓርትመንት ሄድ ይፈርሙበት፤ ሬጅስትራር አስገቢና ኮፒውን ያዢ። ኮርሱ ከምዝገባ ስሊፕሽ መውጣቱን በዓይንሽ ሳታዪ አትመለሺ። አድቫይዘር ስለፈረመ ብቻ አለቀ ብሎ ፎርሙን ደብተር ውስጥ የሚያስቀር ብዙ ነው፤ ስሙ ከመምህሩ ዝርዝር ስላልወጣ ፋይናል ሳይፈተን ሲቀር ኤንጂ (ውጤት የለም) ወይም ኤፍ ይገባለታል።
ከተዘጋ የሚቀረው ሙሉ ሴሚስተሩን ዊዝድሮው ማድረግ (አቋርጦ መውጣት) ነው። ለአንድ ኮርስ ሲባል ዶርም ማስረከብ፣ ለክሊራንስ መዞር፣ ከዚያ ሪአድሚሽን (መልሶ መግባት) መጠየቅ? እኔ አልመክርም። ደግሞ ስታቲስቲክስ አንድ ለሁለት፣ ሁለት ለኢኮኖሜትሪክስ ፕሪሪኩዚት (ቀድሞ መወሰድ ያለበት) ነው። በዓመት አንዴ የሚሰጥ ከሆነ ሰንሰለቱ በሙሉ ይገፋል።

ሁለተኛ_ዓመት
አየሁት፣ ተዘግቷል። ለቀማውን ግን መተው አልችልም።

የጎማ_ልጅ
አትተዪው እህቴ፣ ቀን ምረጪ። ቀዩ ፍሬ በአንዴ አይደርስም፤ በዙር ነው የሚለቀመው። ሰው የሚይዘው ማድረቁ ነው፦ የማድረቂያ አልጋ ላይ ስስ አድርጎ ማስጣት፣ በቀን ደጋግሞ ማገላበጥ፣ ማታ መሸፈን፤ ይህ ለሳምንታት ነው። ፋይናል ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚለቀመውን በእሸቱ ሽጡት። ገዢው ከለቀማው በፊት ይታወቅ፤ በጆንያ ታፍኖ ካደረ ይበላሻል። ጀንፈሉ (ከነገለባው የደረቀው ቡና) የሚያወጣውን ላያወጣ ይችላል፣ ግን ያንቺን ሁለት ሳምንት ነፃ ያደርጋል። መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ቅዳሜ በጠዋት ወጥተሽ እሁድ ከሰዓት ግቢ፤ የዓርብ ክፍል አይለፍሽ።

ሂሳብ_ይቅደም
እንግዲህ ሚድ ወረቀትሽን መምህሩ ቢሮ ሄደሽ እዪ። ፋይናሉ ከሚድ በፊት ያለውን ይጨምር እንደሆነም ጠይቂ። ፕሮባቢሊቲ ሳይያዝ ዲስትሪቢውሽን አይገባም። የዜድ (የኖርማል ዲስትሪቢውሽን) ሠንጠረዥሽንም አጣሪ፦ ከ0 ጀምሮ የሚቆጥረው ለ1.96 0.4750 ይላል፣ ከግራ ጫፍ የሚቆጥረው 0.9750። ሁለቱን ያምታታ ሰው አሠራሩ ሁሉ ልክ ሆኖ መልሱ በ0.5 ይስታል።