ከቶኪዮ በባቡር ደርሶ መልስ፣ ያለኝ አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው

የለቡዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። ህዳር መጨረሻ ላይ ለስልጠና ቶኪዮ እሄዳለሁ። ከሰኞ እስከ አርብ ክፍል ውስጥ ነን፣ እሁድ በረራ ነው፣ ስለዚህ የኔ የምለው ቀን ቅዳሜ ብቻ። ከተማውን ማታ ማታ አየዋለሁ፤ ቅዳሜን ግን በባቡር ወጣ ብዬ ማታ መመለስ ነው ያማረኝ። አንዱ ኒኮ ይላል፣ አንዱ ካማኩራ፣ ኪዮቶ ደርሰሽ ተመለሺ ያለኝም አለ። ደግሞ ሁሉም የቱሪስት የባቡር ፓስ፣ አንዴ ተከፍሎ ለቀናት የሚሳፈሩበትን ትኬት፣ ግዢ ይለኛል። የጅቡቲው ባቡር በሰፈራችን ነው የሚያልፈው፣ ግን ተሳፍሬ አላውቅም፣ እንደ ጀማሪ ቁጠሩኝ።

ኮዬ ፈጬ 4ኛ ፎቅ፦
እህቴ፣ ፓሱን እርሺው። የ7 ቀኑ እ.ኤ.አ. በ2023 ጥቅምት ላይ ዋጋው ወደ 50 ሺህ የን ወጣ። ካማኩራ ደርሶ መልስ 2 ሺህ የን ገደማ ነው። ፓሱ በየቀኑ ከከተማ ከተማ ሺንካንሰን በሚባለው ፈጣን ባቡር ለሚሮጥ ሰው እንጂ ላንቺ አይሆንም።

እኔ ካማኩራ ነው የምልሽ። ከቶኪዮ ጣቢያ የዮኮሱካ መስመርን ያዢ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ መቀያየር የለም። ፕላትፎርሙ ከመሬት በታች በጣም ጥልቅ ስለሆነ ለመውረድ ብቻ 10 ደቂቃ ያዢ። ሱዊካ የሚባለውን ካርድ ብር ሞልተሽ ስትገቢም ስትወጪም የጣቢያው በር ላይ ማስነካት ነው፣ ሒሳቡን ራሱ ይቆርጣል። አንድ ነገር ብቻ፦ ባቡሩ መሃል ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ፉርጎዎች አሉ። ምቹ ወንበር አየሁ ብለሽ ዘው እንዳትይ፣ የራሳቸው ተጨማሪ ክፍያ አላቸው፣ ተቆጣጣሪውም ይመጣል።

ካማኩራ ራሱ ሳትደርሺ አንድ ጣቢያ ቀድመሽ ኪታ ካማኩራ ውረጂ። እ.ኤ.አ. በ1282 የተመሠረተው ኤንጋኩጂ የሚባለው የቡድሂስት ገዳም በሩ ከጣቢያው ሥር ነው። በሄድሽበት ሰሞን የዛፉ ቅጠል ሁሉ ይቀላል። ከዚያ በእግርሽ ወደ ከተማው፣ ከከተማው ኤኖደን በምትባለው ትንሽዬ ባቡር 3 ጣቢያ ሄደሽ ሃሴ ላይ ውረጂ። ትልቁ ቡድሃ እዚያ ነው። ከነሐስ የተሠራ፣ ከ11 ሜትር በላይ የሆነ፣ ድሮ አዳራሽ ነበረው፣ አሁን ግን ለዘመናት ሜዳ ላይ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት ተቀምጧል። ውስጡ ባዶ ነው፣ ትንሽ ከፍለሽ ትገቢያለሽ። ጨለማው ውስጥ ግድግዳውን ቀና ብለሽ እዪው፣ ነሐሱ ደረጃ በደረጃ እየተፈሰሰ የተያያዘበት መስመር ይታያል። ከውጭ ፎቶ አንስቶ የሚመለሰው ሰው ይህን አያይም፣ እኔን ከሁሉም ያስገረመኝ እሱ ነው።

ሱሉልታ ብርዱ፦
ካማኩራ ቅዳሜ? ሰው በሰው ነው እኮ! ኒኮ ሂጂ። ከቶኪዮ አሳኩሳ ጣቢያ ቶቡ በሚባለው ድርጅት ፈጣን ባቡር 2 ሰዓት አይሞላም፣ ወንበሩ ግን አስቀድሞ ይያዛል። ቶሾጉ የሚባለው የሾጉኑ፣ ድሮ ጃፓንን የገዛው የጦር አለቃ፣ የቶኩጋዋ ኢዬያሱ መቅደስ፣ ያ ወርቅና ቅርጻቅርጽ፣ የፈረስ ጋጣው ላይ አይን ጆሮ አፍ የያዙት ሦስቱ ጦጣዎች፣ ዙሪያው ደግሞ ሰማይ ጠቀስ ጥድ። ተራራ ነው፣ ጃኬት ያዢ። ለኛ ለሱሉልታ ሰዎች ብርዱ እንኳን ቤታችን ነው 😄

ኮዬ ፈጬ 4ኛ ፎቅ፦
ኒኮ ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ግን ሰውዬ፣ በዚያ ሰሞን ፀሐይ በነሱ 4:30 ላይ ትጠልቃለች! ደርሶ መልስ 4 ሰዓት መንገድ ቀንሰህ ምን ይተርፋታል? እዚያ ያሉትን ፏፏቴና ሐይቅ ልያቸው ካለች ደግሞ በዚያ ጠመዝማዛ ዳገት ሌላ አውቶቡስ አለ። ሁለት ቀን ቢኖራት እኔም ኒኮ እላት ነበር። ኪዮቶ ያላትን ሰውማ ተዉት።

አያት ጨፌ፦
ሰዓትሽን እንዳትነኪው! በሀበሻ አቆጣጠር የሞላሽው የእጅ ሰዓት ጃፓን ሲደርስ ልክ ነው የሚሆነው። እነሱ 6 ሰዓት ይቀድሙናል፣ እኛ ደግሞ አቆጣጠራችን 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ ቶኪዮ እኩለ ቀን 12 ሲል ለቡ ከጠዋቱ 12 ነው። በባቡር ውስጥ ስልክ አይወራም፣ ሹክሹክታም ይሰማል። ባቡር ከዘገየ ደግሞ ለአለቃ የሚታይ የማረጋገጫ ወረቀት ይሰጣሉ። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ይህን ወረቀት ስንቴ እንደተመኘሁ!

የለቡዋ፦
ካማኩራ ወሰንኩ 🙏 ጾም ላይ ነኝ፣ ነቢያት ይገባል። ምን ልብላ?

ኮዬ ፈጬ 4ኛ ፎቅ፦
እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። ሾርባቸው፣ ኑድላቸው፣ አትክልት ብቻ የሚመስለውም ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ በወጣ ውኃ ነው የሚሠራው፤ ዓሣ የማትበዪ ከሆነ ጠይቂ። የገዳም ምግብ አለ፣ ሾጂን ሪዮሪ ይሉታል፣ ሥጋም ዓሣም የለበትም። ካማኩራ የገዳም ከተማ ስለሆነች ይገኛል፣ ግን ዋጋው ጠንከር ይላል፣ ቀድመሽ ማስያዝም ያስፈልግ ይሆናል። ካልሆነ ቆሎ ከቤት ቋጥረሽ ሂጂ፣ ከጣቢያው ሱቅ ሙዝ ጨምሪበት። የሙዙን ልጣጭ የምትጥይበት ቅርጫት ግን መንገድ ላይ አታገኚም፣ ፌስታል ያዢ።