አንድን ፓኬጅ ለብዙ አርክቴክቸር በአንድ የግንባታ ፋይል ማዘጋጀት

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁም። በሲ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ) ከሰነዶቹና ከምስሎቹ ጋር፣ ደቢያን ለተባለው የሊነክስ ሥርዓት በሚጫን ፓኬጅ መልክ አዘጋጃለሁ። እስካሁን የገነባሁት ለኤኤምዲ64 (ለ64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች) ብቻ ሲሆን፣ አሁን ለአርም64ም (ለ64 ቢት የአርም ፕሮሰሰሮች) እንዲዘጋጅ ተጠይቄአለሁ። ለእያንዳንዱ አርክቴክቸር (የፕሮሰሰር ዓይነት) የተለየ የግንባታ ፋይል ልጻፍ ወይስ ያለውን ላስፋው? የአርም ማሽንን በሚያስመስል ፕሮግራም (በኢሙሌተር) ስሞክረው ግንባታው ያልቃል፤ ከፍተሻዎቹ ግን ፋይል የሚያነበው ብቻ ሳይጨርስ ይንጠለጠላል።

መልስ 1፦
ፋይሉ አንድ ይሁን፤ ሁለት ካደረጉት አንዱን አሻሽለው ሌላውን የሚረሱበት ቀን ይመጣል። መለየት ያለበት ከግንባታው የሚወጣው ፓኬጅ ነው። ሰነዶቹና ምስሎቹ በየትኛውም ፕሮሰሰር ላይ ስለማይለወጡ አርክቴክቸራቸው «ኦል» ተብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ይገነባሉ፤ ላይብረሪው ደግሞ «ኤኒ» ተብሎ በየአርክቴክቸሩ ይገነባል። ላይብረሪውን የአርክቴክቸሩን ስም በያዘው ማውጫ ውስጥ አስቀምጠው በፓኬጁ መግለጫ ውስጥ «መልቲ-አርች» የሚለውን መስክ «ሴም» ካሉት፣ የሁለቱ አርክቴክቸሮች ቅጂዎች በአንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን መጫን ይችላሉ። ከኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ከሚለውጠው ፕሮግራም) አማራጮችዎ መካከል «ማርች ኔቲቭ» ካለ ያውጡት፤ ፕሮግራሙን ከገነባው ማሽን ፕሮሰሰር ጋር ስለሚያቆራኘው፣ አርክቴክቸሩ አንድ በሆነ የቆየ ማሽን ላይ እንኳ ላይሠራ ይችላል።

መልስ 2፦
ስለሚንጠለጠለው ፍተሻ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው በሲ አንድ ፊደል የሚያዝበትን የዳታ ዓይነት፣ «ቻር»ን ነው። የሲ ስታንዳርድ ቻር አሉታዊ ቁጥር ይያዝ አይያዝ የሚለውን ለኮምፓይለሩ ትቶታል፤ በሊነክስ ላይ በኤክስ86 (ኤኤምዲ64 በሚመደብበት የፕሮሰሰር ቤተሰብ) ከ-128 እስከ 127 ሲይዝ፣ በአርም ከ0 እስከ 255 ይይዛል። የፋይል መጨረሻ በተለምዶ በ-1 ስለሚገለጽ፣ የተነበበውን በቻር አስቀምጦ ከዚያ ጋር የሚያወዳድር ኮድ በአርም ላይ መጨረሻውን ፈጽሞ አያገኝም። (በዚህ ምክንያት እኔ ራሴ ሁለት ቀን ኢሙሌተሩን ስወቅስ ከርሜአለሁ።)

ኢሙሌተሩ ግን ከወቀሳ ሁሉ ነጻ አይደለም። ዝግተኛ ነው፤ ከዚያም በላይ፣ አርም የማስታወሻ ንባብና ጽሕፈትን ቅደም ተከተል ከኤክስ86 ይልቅ ስለሚያላላ፣ በብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሮጡ የሥራ መስመሮች) የሚሠራ ኮድ ስሕተት በኤክስ86 ላይ በሚሮጥ ኢሙሌተር ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ክሮስ ኮምፓይል ማድረግ (በአንድ አርክቴክቸር ማሽን ላይ ለሌላው መገንባት) ይፈጥናል፤ ነገር ግን ትንንሽ ፕሮግራሞችን ገንብቶ በማስኬድ መረጃ የሚሰበስብ «ኮንፊገር» (ከግንባታው በፊት የሚሮጥ ስክሪፕት) ካለዎት እዚያው ላይ ይሰናከላል። ለዕለት ሥራ ክሮስ ኮምፓይልን እመርጣለሁ፤ ከመልቀቄ በፊት ግን ፍተሻዎቹን በእውነተኛ የአርም ማሽን ላይ አስኬዳለሁ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቻር ነበር፤ ሰፋ ያለ ሙሉ ቁጥር ወደሚይዘው ዓይነት፣ ወደ «ኢንት» ስቀይረው ፍተሻው አለፈ። ሰነዶቹንም ለይቻቸዋለሁ፤ የቀረኝ የአርም ማሽን ማግኘት ነው።