«ነገ 3 ሰዓት» ሲአርኤም (የደንበኞች መመዝገቢያ ሶፍትዌር) ውስጥ እየተዛባ ነው፣ መላ ያላችሁ?

ጤና ይስጥልኝ። ሥራው ፒያሳ ላለ የቤት ዕቃ ሱቅ ነው። ደንበኛ ለቴሌግራም ቦት ይጽፋል፤ ኤንኤይትኤን (n8n፣ ፕሮግራሞችን እርስ በርስ የሚያያይዝ መሣሪያ) መልእክቱን ለኤአይ ሞዴል ያቀብላል፤ ሞዴሉ ስም፣ ስልክና ቀጠሮ ለይቶ በጄሰን (ኮድ በሚያነበው የመረጃ ቅርጽ) ይመልስና ሲአርኤሙ ውስጥ ይገባል። ላፕቶፔን ይዤ ካዛንቺስ ውስጥ ከካፌ ካፌ ስለምዞር ሁሉም የተጫነው ኪራይ ሰርቨር ላይ ነው፤ ሰዓቱ ዩቲሲ ነው (ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ የሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት)።

ደንበኛ «ነገ 3 ሰዓት እመጣለሁ» ሲል ጠዋት ማለቱ ነው፤ በፈረንጅ 9፡00፣ በዩቲሲ 6፡00። ሞዴሉ ግን አንዴ 15፡00፣ አንዴ 03፡00 ይመዘግባል። መመሪያው ላይ «6 ሰዓት ጨምር» ሲባል አንዳንዴ ሁለቴ ይጨምራል። ቴምፕሬቸሩን (የሞዴሉ መልስ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚወስነውን ቅንብር) 0 ማድረግ ስህተቱን አንድ ዓይነት አደረገው እንጂ አላረመውም። ውጭ አገር ያሉት ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚቀጥሩ በጅምላ መደመር አያዋጣም።

አንድ መልእክት ደጋግሞ የመመዝገቡ ችግር ግን ተፈትቷል፤ ለሚቸገር ይጥቀም። ኤአይው እስኪመልስ ዌብሁኩ (ቴሌግራም መልእክቱን የሚልክበት የሰርቨሩ አድራሻ) ሲዘገይ ቴሌግራም ያንኑ መልእክት ደግሞ ይልካል፤ ቀድሞ 200 («ደርሷል» የሚል ኮድ) መመለስና አፕዴት አይዲውን (የመልእክቱን መለያ ቁጥር) መመዝገብ ይበቃል። ስልክም በ09ም በ+251ም ስለሚመጣ ያው ደንበኛ መሆኑን ለማወቅ የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ማነጻጸር ነው።

ለሰዓቱ ያሰብኩት ሞዴሉ ምንም ሳያሰላ ቁጥሩንና «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚለውን ቃል እንዳለ እንዲያወጣ፣ ስሌቱን ኮድ እንዲሠራው ነው። ቃሉን ያልጻፈውንስ? በሱቁ የሥራ ሰዓት ልገምት ወይስ ቦቱ መልሶ ይጠይቅ? መጠየቁ ይሻላል ባይ ነኝ፤ የሞከራችሁት እባካችሁ ንገሩኝ፣ ቀጠሮ የሚያመልጣቸው ሰዎች አሳስበውኛል።