በአርኤስ-485 መስመር የተያያዙ የኤልኢዲ ማሳያዎች፦ የላይኛው ፎቅ ጽሑፍ ይቆራረጣል

በአንድ ባለ አራት ፎቅ የጤና ተቋም ውስጥ ስድስት የኤልኢዲ መልእክት ማሳያዎችን ተክለን በአርኤስ-485 መስመር (በሁለት ሽቦዎች ጥንድ ላይ ባለው የቮልቴጅ ልዩነት መረጃ የሚያስተላልፍ የግንኙነት ደረጃ) በተከታታይ አያይዘናቸዋል። መልእክቱ የሚላከው ምድር ቤት ካለው ኮምፒውተር በዩኤስቢ መለወጫ በኩል ሲሆን፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 9600 ቢት ነው፤ የካት 5ኢ (የኮምፒውተር ኔትወርክ) ገመዱ ጠቅላላ ርዝመትም 180 ሜትር ያህል በመሆኑ በዚህ ዓይነት መስመር ከተለመደው የ1200 ሜትር ጣሪያ እጅግ ያነሰ ነው።

የታችኞቹ አራት ማሳያዎች ያለ እንከን ይሠራሉ። በላይኛው ፎቅ ያሉት ሁለቱ ግን ሰዓትና የወረፋ ቁጥር በትክክል እያሳዩ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ሲላክላቸው ወይ ይቆራረጣል ወይ ጨርሶ አይደርስም። (ማሳያዎቹ የግእዝ ፊደል ስለሌላቸው አማርኛውን የምንልከው በምስል መልክ ነው፤ ስለዚህ መልእክቱ ከቁጥሩ በብዙ እጥፍ ይረዝማል።)

ሁለቱን አውርደን ከኮምፒውተሩ አጠገብ ስናገናኛቸው ደህና ናቸው። ምልክቱ ከመስመሩ ጫፍ ተንጸባርቆ እንዳይመለስ፣ በሁለቱም ጫፎች ላይ የ120 ኦም ሬዚስተር አለ። ፍጥነቱን ወደ 2400 ዝቅ ስናደርግ ስሕተቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ጥርጣሬዬን የሳበው የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። የላይኛው ፎቅ ኃይል የሚያገኘው ከሌላ ማከፋፈያ ቦርድ ሲሆን፣ በሁለቱ ቦርዶች የመሬት መስመሮች መካከል በመልቲሜትር 6 ቮልት ተለዋዋጭ ይነበባል። የዚህ ተለዋዋጭ ቮልቴጅ የሞገድ ጫፍ በሁለቱም አቅጣጫ ከ8 ቮልት ስለሚያልፍ፣ አርኤስ-485 ከሚታገሠው ከ-7 እስከ +12 ቮልት ክልል ይወጣል። ከመረጃው ጥንድ በቀር በማሳያዎቹ መካከል የዘረጋነው የጋራ ሽቦ (የመሣሪያዎቹን ዜሮ ቮልት እርስ በርስ የሚያገናኝ) የለም።

በዚህ ሁኔታ በገመዱ ውስጥ ያለውን ትርፍ ጥንድ እንደ ጋራ ሽቦ ማገናኘቱ ይበቃል፣ ወይስ በሽቦው ላይ አደገኛ ጅረት እንዳይፈስ ወደ ላይኛው ፎቅ በሚወጣው መስመር ላይ ኤሌክትሪክን የሚነጥል ሪፒተር (ምልክቱን ተቀብሎ አድሶ የሚያስተላልፍ መሣሪያ) ማስገባት ግድ ነው?