የቀንድ አውጣ ቅሪተ አካል የአርክቲክን አለት ዕድሜ እንዴት ሊነግረን ይችላል?

ጠያቂ፦ በሰሜን አይስላንድ ከሁሳቪክ ከተማ አጠገብ በትዮርነስ ስለሚገኙት ዛጎል የበዛባቸው ንብርብሮች ሳነብ፣ የባሕር ቀንድ አውጣዎች የአለቱን ዕድሜ ለመለየትና ከሌላ ስፍራ አለት ጋር ለማዛመድ እንደሚያገለግሉ ተረዳሁ። ዛጎሉ ራሱ ዓመት የማይቆጥር ከሆነ ዕድሜው ከየት ይገኛል? በራዲዮካርቦን መለካትስ አይቀልም ነበር?

መልስ 1፦ ራዲዮካርቦን ከ50,000 ዓመት ገደማ በላይ አያገለግልም፤ የትዮርነስ ደለል ደግሞ ሚሊዮኖች ዓመታት ያስቆጠረ፣ የፕላዮሲን ዘመን ደለል ነው። ቀንድ አውጣው የሚነግረን የትኛው ንብርብር እንደሚቀድም ብቻ ነው። የዓመቱ ቁጥር የሚገኘው ከደለሉ ጋር ተነባብሮ ከሚገኘው ባዛልት (ቀዝቅዞ የጠጠረ ላቫ) ሲሆን፣ ይህም በፖታሲየም-አርጎን ዘዴ (በአለቱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ጋዝ የተለወጠበትን መጠን በመለካት) እና ላቫው ሲቀዘቅዝ ይዞት በቀረው የምድር መግነጢስ አቅጣጫ ይታወቃል። ላቫ በሌለበት ስፍራ ተመሳሳይ የዛጎል ስብስብ ሲገኝ ዕድሜውን ከዚህ ይዋሳል።

መልስ 2፦ በአርክቲክ ዋናው ምልክት ስደት ነው። እንደ ኔፕቱኒያ ያሉ ቀንድ አውጣዎች መነሻቸው ሰሜን ፓስፊክ በመሆኑ፣ በእስያና በአላስካ መካከል ያለው የቤሪንግ ወሽመጥ ከተከፈተ በኋላ በአርክቲክ በኩል ወደ አትላንቲክ ተሻግረዋል፤ በትዮርነስም የፓስፊክ ዝርያዎች በብዛት የሚታዩት በላይኛው ክፍል ነው። በተቃራኒው አቅጣጫ የተጓዘው አስታርቴ (ቀንድ አውጣ ሳይሆን ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ነው) በደቡብ አላስካ በመገኘቱ፣ በ1999 የወጣ ጥናት የወሽመጡን መከፈት ከ4.8 እስከ 7.4 ሚሊዮን ዓመት በፊት አድርጎታል። ሆኖም አንድ ዝርያ በሁሉም ዳርቻ በአንድ ጊዜ አይደርስምና፣ በአንድ ዝርያ ብቻ ተማምኖ ማዛመድ ያሳስታል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ግን አለቱን በቀንድ አውጣ፣ ቀንድ አውጣውን በአለት መመዘን ዙሪያ ጥምጥም አይሆንም?

መልስ 1፦ ነጻ የሆነ መለኪያ ከሌለ በእርግጥ ይሆናል። የእኛው የኦሞ ሸለቆ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ በኬንያ ኩቢ ፎራ ኬቢኤስ የተባለው የእሳተ ገሞራ አመድ መጀመሪያ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተሰጥቶት ነበር፤ የአሳማ ቅሪተ አካላት ከኦሞዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ግን ቁጥሩ እንደማይስማማ ታየ፣ በድጋሚ ልኬትም 1.9 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። ያኔ የተሳሳተው ቅሪተ አካሉ ሳይሆን የላቦራቶሪው ቁጥር ነበር። ለዛጎል ግን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፦ ማዕበል ከአሮጌ ደለል አጥቦ በአዲሱ ውስጥ ሊቀብረው ስለሚችል፣ ጠርዙ የተፈገፈገና የተሰባበረ ከሆነ ለዕድሜ ምስክርነት አይጠራም።