የዜብራ ዓሣ ፅንስ ዕድገቱ ዘግይቷል ወይስ አካሉ ተዛብቷል? በምን ይለያል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የአንድን ዘረመል ሥራ ለማወቅ ገና አንድ ህዋስ በሆኑ የዜብራ ዓሣ ፅንሶች ውስጥ ሞርፎሊኖ (የአንድን ዘረመል መልእክት ይዞ ሥራውን የሚያፍን ሰው ሠራሽ ሞለኪውል) እንወጋለን፤ ያልተወጉትን ደግሞ ለማነጻጸሪያ እናስቀምጣለን። በ24ኛው ሰዓት በማይክሮስኮፕ ስናያቸው የተወጉት አጠር ያሉ፣ ጭንቅላታቸውም አነስ ያለ ሆኖ ይታያል። ይህ ዘረመሉ በመታፈኑ የመጣ መዛባት ነው ወይስ ፅንሶቹ ወደኋላ ቀርተው ነው?

1ኛ መልስ

ከሁሉ በፊት ሰዓቱን አይመኑት። በመመሪያዎች ላይ የሚገኘው የዕድገት ሰዓት የተለካው ውሃው 28.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው፤ በ25 ዲግሪ የቆየ ፅንስ የ24 ሰዓቱን መልክ የሚይዘው ወደ 30 ሰዓት ገደማ ነው። የተወጉት ፅንሶች መርፌው እስኪያልቅ ከኢንኩቤተር ውጭ ይቆያሉ፤ ማነጻጸሪያዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ሙቀታቸው ሳይጓደል ውስጥ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ሁለቱም ሳህኖች አብረው ይውጡ፣ አብረውም ይግቡ።

በሰዓት ፋንታ ሶማይት ይቁጠሩ፤ በጀርባው ግራና ቀኝ ተደርድረው የሚታዩትን፣ ጡንቻና አከርካሪ የሚወጣባቸውን ክፋዮች ማለቴ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጥንዶች ፈጠን ብለው ከወጡ በኋላ በ28.5 ዲግሪ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ጥንድ ስለሚጨመር ቁጥሩ ራሱ እንደ ሰዓት ያገለግላል። የተወጋው ፅንስ 20 ጥንድ ካለው፣ አጠገቡ መቀመጥ ያለበት 20 ጥንድ ያለው፣ ማለትም በሰዓት ከእሱ የሚያንስ ጤናማ ፅንስ ነው። ዓይኑ፣ ጅራቱና የአንጎሉ ክፍሎች ሁሉ ከዚያ ጤናማ ፅንስ ጋር እኩል ከሆኑ ዘግይቷል ማለት ነው። ሶማይቱ ደርሶ ዓይኑ ብቻ ያነሰ እንደሆነ ግን መዘግየት አይባልም፤ መዘግየት ሁሉንም አካል አብሮ ይጎትታልና።

2ኛ መልስ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጭንቅላት ማነሱ ብቻውን ብዙ አያሳምነኝም። ሞርፎሊኖ አንዳንዴ ከታለመው ዘረመል ጋር ሳይገናኝ ፒ53 የተባለውን ፕሮቲን ያነሳሳና በተለይ በነርቭ ሥርዓት ውስጥ ህዋሳትን ይገድላል። ጤናማው የ24 ሰዓት ፅንስ አንጎሉ እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ በሞት ላይ ያለው ግን ጭንቅላቱ ግራጫ ሆኖ ይደፈርሳል። ያን ካዩ በአክሪዲን ኦሬንጅ ቀለም የሞቱትን ህዋሳት ይመልከቱ። ከዚያም ሞርፎሊኖው ሊይዘው የማይችለውን የዚያኑ ዘረመል መልእክተኛ አርኤንኤ (የዘረመሉን ትእዛዝ ወደ ፕሮቲን መሥሪያው የሚያደርሰውን ሞለኪውል) አብረው ይውጉና መልኩ ይመለስ እንደሆነ ያረጋግጡ። በሚወጋው ሞርፎሊኖ መጠንም ጥንቃቄ ይደረግ፦ በርካታ «ግኝቶች» መጠኑ ሲቀነስ ይጠፋሉ።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። ዘረመሉ ክሪስፐር በተባለው የዘረመል መቁረጫ ዘዴ የተሰበረበት ዓሣ በእጃችን አለ፤ ፅንሶቹ ግን ምንም ችግር አይታይባቸውም። ሞርፎሊኖውን ልተወው?

3ኛ መልስ

አይቸኩሉ። እስከ 3ኛው ሰዓት ገደማ ፅንሱ በአብዛኛው የሚኖረው እናቱ በእንቁላሉ ውስጥ ባስቀመጠችለት መልእክተኛ አርኤንኤ ነው። ወላጆቹ አንድ ጤናማ ቅጂ ካላቸው ዘረመሉ የተሰበረበት ፅንስም ከእናቱ ስንቅ ስለሚያገኝ ጉዳቱ ሊሸፈን ይችላል፤ ፕሮቲን መሥራትን የሚከለክል ሞርፎሊኖ ግን የእናትየውንም ድርሻ ያፍናል። በተጨማሪ የዚህ ዓሣ ቅድመ አያቶች መላ ዘረመላቸው አንድ ጊዜ ተጨማሪ በመባዛቱ፣ በሰው ላይ ነጠላ የሆነ ዘረመል እዚህ መንታ ሆኖ ሊገኝና አንዱ የሌላውን ጉድለት ሊሞላ ይችላል። ከዚህም በላይ፣ የዘረመሉ መሰበር ራሱ ተመሳሳይ ዘረመሎችን የሚያነቃቃበት ጊዜ እንዳለ በ2015 ታይቷል።

የሞርፎሊኖውንና የክሪስፐሩን ውጤት የሚያስታርቅ አንድ ቀላል ሙከራ አለ፦ ሞርፎሊኖውን ዘረመሉ በተሰበረበት ፅንስ ውስጥ ይውጉት። የሚይዘው ቅደም ተከተል በተሰበረው ቅጂ ላይ ሳይነካ ከቀረ ትርጓሜው ስለሚደበላለቅ ይህን አስቀድመው ይመልከቱ። እናትየዋም ጤናማ ቅጂ የሌላት ብትሆን ይመረጣል። ያኔ የሚያፍነው ስለሌለ፣ ጭንቅላቱ ያው ካነሰ ጥፋቱ የሞርፎሊኖው የራሱ ነው።